ከደመወዝ በትርፍ የተቆረጠ ግብርና ለተሳሳተ ስቴት የገባ ገንዘብ እንዴት ይመለሳል?

በዩናይትድ ስቴትስ ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሰፊ የግብር ሕግ ትርፍ ሰዓት ለሚሠራውና በቲፕ ለሚተዳደረው ሠራተኛ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚነሣ አዲስ ቅናሽ ይዞ መጥቷል (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቅናሹ ከዚያው ዓመት ጃንዋሪ ጀምሮ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ቢደረግም፣ አይአርኤስ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የፌዴራሉ የገቢ መሥሪያ ቤት አሠሪዎች ከደመወዝ ላይ ግብር የሚቆርጡበትን የ2025 ሠንጠረዥ እንደማይለውጥ አስታወቀ። በዚህ ምክንያት በነርሲንግ ሆም፣ በሆቴል፣ በፓርኪንግና በምግብ ቤት የሚሠሩ በርካታ ወገኖቻችን ሕጉ ያስቀረላቸው ግብር ዓመቱን ሙሉ ከቼካቸው ላይ ሲቆረጥ ቆይቷል። ገንዘቡ የሚመለሰው ሠራተኛው የዓመቱን ግብር ሲያሳውቅና ቅናሹን ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ከ2026 ጀምሮ ሠንጠረዡ ታድሷል። ይሁን እንጂ አሠሪው አንድ ሠራተኛ በዓመቱ ውስጥ ምን ያህል ትርፍ ሰዓት እንደሚሠራ፣ የትዳር ጓደኛው ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ሌላ ሥራ ይኑረው አይኑረው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቅናሹን እስከ ሚቀጥለው ዓመት ሳይጠብቅ በየቼኩ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ከደመወዙ ላይ ምን ያህል ግብር እንደሚቆረጥ ለአሠሪው የሚገልጸውን ደብሊው-4 የተባለ ፎርም አድሶ ለመሥሪያ ቤቱ ማስገባት ይኖርበታል። በማውቃቸው ሰዎች ዘንድ ይህን ፎርም ሥራ በተቀጠሩበት ቀን ከሞሉ በኋላ ዳግመኛ ያዩት በጣም ጥቂት ናቸው።

በትርፍ የተከፈለ ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይጠይቃል። አንደኛው የሚቆረጠውን መጠን ከምንጩ ማስተካከል ሲሆን ሁለተኛው ያለፈውን ማስመለስ ነው። አብዛኞቻችን ሁለተኛውን ብቻ፣ ያውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ታክስ ለሚሠራልን ሰው ወረቀታችንን አስረክበን እንገላገለዋለን። ታክስ ሠሪው ግን ሊያይ የሚችለው የቀረበለትን ወረቀት ነው፤ ለተሳሳተ ስቴት የተቆረጠውን፣ ሁለት ጊዜ የተከፈለውን የመኪና ምዝገባ፣ ከተሸጠ መኪና ላይ የተከፈለውን የካውንቲ (በስቴቱ ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ግብር ማንም አስታውሶ ካልነገረው አያውቀውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መነሣት ያለበት ጥያቄ «ትርፉን ገንዘብ አሁን በእጁ የያዘው ማን ነው?» የሚለው ነው። አሠሪው፣ ስቴቱ፣ ካውንቲውና የፌዴራሉ መንግሥት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፎርምና የየራሳቸው የጊዜ ገደብ አላቸው፤ አንዱ ዘንድ የገባ ጥያቄም ለሌላው አያገለግልም።

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሳያነሣ የሚያልፍበት አንዱ ምክንያት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 (እዚህ ላይ 2008 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ» የሚታይ ሲሆን፣ ግብሩን ቀጣሪው በየወሩ ቀንሶ ለመንግሥት ገቢ ያደርጋል። አንድ ቀጣሪ ብቻ ያለው ሠራተኛ በዓመቱ መጨረሻ ማሳወቂያ ማቅረብ ሳይጠበቅበት ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። በአሜሪካ ግን አሠሪው የሚቆርጠው ግብር የመጨረሻ ሒሳብ ሳይሆን ግምት ነው። እውነተኛው ሒሳብ የሚሠራው ዓመቱ ካለቀ በኋላ፣ እስከ ኤፕሪል 15 ባለው ጊዜ በሚቀርበው ማሳወቂያ ላይ ነው፤ ተመላሽ የሚባለውም፣ ዕዳ የሚባለውም በግምቱና በእውነተኛው ሒሳብ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ትልቅ ተመላሽ ማግኘት ደስ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። በየዓመቱ የሚሰጠው የፌዴራል ተመላሽ በአማካይ ከ3,000 ዶላር በላይ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ የአገር ቤት ጉዞውን፣ የቤተሰብ መርጃውን ወይም የመኪና ጥገናውን የሚያቅደው በዚህ ገንዘብ ነው። አንዳንዶች እንደ ዕቁብ ያዩታል። ዕቁብተኛ ግን ባስፈለገው ጊዜ ተራውን ለምኖ ሊወስድ ይችላል፤ ለመንግሥት በትርፍ የገባው ገንዘብ ቤት ኪራይ በጎደለበት ኦክቶበር ላይ ሊወጣ አይችልም፤ ወለድም አይታሰብበትም። በሌላ በኩል ከተመላሹ ውስጥ የልጅ ክሬዲት (ከግብሩ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ ድጋፍ) እና ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኛ የሚሰጠው ክሬዲት ያለበት ሰው ገንዘቡ በሙሉ ከደመወዙ በትርፍ የተቆረጠ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ተመላሹ ከየት እንደመጣ ሳይለዩ ፎርሙን መንካት አይገባም። ባለፈው ዓመት ማሳወቂያ ላይ ጠቅላላ ግብሩ የሰፈረበትን መስመርና አሠሪው ዓመቱ ሲያልቅ በሚሰጠው የደመወዝ መግለጫ፣ በደብሊው-2 ላይ፣ ሣጥን 2 ውስጥ ያለውን የተቆረጠ ግብር ጎን ለጎን ማየት ለዚህ ይበቃል።

ደብሊው-4 እና የባልና ሚስት ስሕተት

ደብሊው-4 በ2020 ከሥሩ ተለውጧል። ከዚያ በፊት ሠራተኛው «ዜሮ» ወይም «አንድ» ብሎ የሚሞላበት አሠራር ነበር፤ በ2017 የወጣው ሕግ የነፍስ ወከፍ ቅናሹን ስላስቀረው ያ አቆጣጠር ከፎርሙ ወጥቷል። «ዜሮ ሙላ፣ ብዙ ይመለስልሃል» የሚለው ምክር ግን ዛሬም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እንሰማለን። ከ2020 በፊት ፎርሙን ሞልቶ በዚያው መሥሪያ ቤት የቆየ ሠራተኛ አዲስ እንዲሞላ ስለማይገደድ አሠሪው እስከ ዛሬ የሚቆርጥበት በአሮጌው ነው። ከዚያ ወዲህ ያገባ፣ የወለደ፣ የተፋታ ወይም ሁለተኛ ሥራ የያዘ ሰው ግምቱ ከኑሮው ጋር የመገጣጠሙ ዕድል ጠባብ ነው።

አዲሱ ፎርም አምስት ደረጃዎች አሉት። ሁሉም ሰው የግድ መሙላት ያለበት የመጀመሪያውንና ፊርማ ያለበትን የመጨረሻውን ብቻ ስለሆነ፣ በመካከል ያሉት ሦስቱ በአብዛኛው ባዶ ይታለፋሉ። ከባዱ ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ፣ በተለይ ሁለት ሥራ ወይም የሚሠራ የትዳር ጓደኛ ያለውን ሰው በሚመለከተው በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው።

ለምሳሌ እያንዳንዳቸው በዓመት 50,000 ዶላር የሚያገኙ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት እንውሰድ። ሁለቱም በየመሥሪያ ቤታቸው በደብሊው-4 ላይ «ባለትዳር፣ በጋራ የሚያሳውቅ» የሚለውን መርጠው ሁለተኛውን ደረጃ ባዶ ትተውታል። በ2026 በጋራ ለሚያሳውቁ ባለትዳሮች ግብር የማይከፈልበት መደበኛ መጠን 32,200 ዶላር ነው። የባል አሠሪ ይህን ሙሉ መጠን ከ50,000 ላይ ቀንሶ በቀሪው 17,800 ዶላር ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 1,780 ዶላር በዓመት ይቆርጣል። የሚስት አሠሪም ሌላው መሥሪያ ቤት ይህንኑ ማድረጉን ስለማያውቅ በበኩሉ 32,200ውን ቀንሶ 1,780 ይቆርጣል። የሁለቱ ድምር 3,560 ዶላር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን መደበኛው መጠን ለቤተሰቡ የሚታሰበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከ100,000 ላይ 32,200 ሲቀነስ 67,800 ይቀራል፤ የመጀመሪያው 24,800 በ10 በመቶ፣ የተቀረው 43,000 በ12 በመቶ ሲሰላ ግብሩ 7,640 ዶላር ይሆናል። ባልና ሚስቱ ምንም ሳያጠፉ በኤፕሪል 4,080 ዶላር ዕዳ ይጠብቃቸዋል።

መድኃኒቱ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለችውን አንዲት ትንሽ ሣጥን ሁለቱም በየፎርማቸው ላይ ምልክት ማድረጋቸው ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ አሠሪ የመደበኛውን መጠን ግማሽ ብቻ ይቀንሳል፤ ከእያንዳንዳቸው 3,820 ይቆረጥና ድምሩ 7,640 ሆኖ ከዕዳው ጋር እኩል ይመጣል። ሣጥኗ በዚህ ልክ የምትሠራው ግን የሁለቱ ደመወዝ ሲቀራረብ ነው። አንዱ 90,000 ሌላው 25,000 የሚያገኙ ከሆነ ሣጥኗ ከሚገባው በላይ ታስቆርጣለች። በዚህ ጊዜ ከፎርሙ ጋር ያለውን የስሌት ገጽ ወይም አይአርኤስ በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀመጠውን የግብር ማስሊያ መጠቀም ይበጃል። ማስሊያው ስምም ሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይጠይቅም፤ የሚፈልገው የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ዝርዝርና ያለፈውን ዓመት ማሳወቂያ ብቻ ነው።

አንድ ሰው ሁለት ሥራ ሲኖረውም ችግሩ ያው ነው፤ መፍትሔውም አይለይም። ባል ኡበር እየነዳ ሚስት ሆስፒታል በደመወዝ የምትሠራ ከሆነ ግን ሌላ ጠቃሚ መንገድ አለ። ከሾፌሩ ገቢ ላይ የሚቆርጥ አሠሪ ስለሌለ በየሩብ ዓመቱ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በሚቀጥለው ጃንዋሪ 15፣ ራሱ መክፈል ይጠበቅበታል። በዚህ ፈንታ ሚስት በደብሊው-4 አራተኛ ደረጃ ላይ ከየቼኳ ተጨማሪ መጠን እንዲቆረጥ ማዘዝ ትችላለች። ከደመወዝ የተቆረጠ ግብር በየትኛውም ወር ቢቆረጥ ዓመቱን ሙሉ በእኩል እንደተከፈለ ስለሚቆጠር፣ ሾፌሩ ክፍያ መዝለሉን በሴፕቴምበር ቢያስተውልም ቅጣቱን በዚህ መንገድ ሊያቀል ይችላል። ቅጣቱ የማይመጣው በማሳወቂያው ላይ የሚቀረው ዕዳ ከ1,000 ዶላር ሲያንስ፣ ወይም ከዘንድሮው ግብር 90 በመቶው ሲከፈል፣ ወይም ያለፈው ዓመት ግብር በሙሉ ሲከፈል ነው፤ ያለፈው ዓመት ገቢው ከ150,000 ዶላር በላይ ለሆነ ሰው ይህ የመጨረሻው ወደ 110 በመቶ ከፍ ይላል።

ሦስተኛው ደረጃ ስለ ልጆችና ስለ ሌሎች ጥገኞች ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ ወገኖቻችን በቅን ልቡና የሚሠሩት ስሕተት አለ። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር አያታቸው ዘንድ የሚያድጉ ልጆች ያሉት አባት ልጆቹን ስለሚያሳድግ፣ ገንዘብም በየወሩ ስለሚልክ፣ ቁጥራቸውን ፎርሙ ላይ ያሰፍራል። ሕጉ ግን ጥገኛ የሚለው የአሜሪካ ዜጋ የሆነን፣ በሕግ የአሜሪካ ነዋሪ የሆነን፣ ወይም በካናዳና በሜክሲኮ የሚኖርን ሰው ነው። በልጅ 2,200 ዶላር የሚደርሰውን ክሬዲት ለማግኘት ደግሞ ልጁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሊኖረውና በዓመቱ ውስጥ ከግማሽ በላይ ከወላጁ ጋር ሊኖር ይገባል። ልጆቹ ቪዛ አግኝተው እስኪመጡ ድረስ በዚህ መስመር ላይ መግባት የለባቸውም፤ ከገቡ በየቼኩ ላይ የተረፈው ገንዘብ በኤፕሪል ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ቤተሰቡ ሲመጣ ደግሞ ፎርሙን ወዲያው ማደስ እንዳይረሳ።

አዲስ ፎርም የተቀበለ አሠሪ ከ30ኛው ቀን ወዲህ በሚያበቃው የመጀመሪያው የደመወዝ ዘመን ላይ ተግባራዊ ማድረግ አለበት። በሕግ የተቀመጠ ገደብ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ለውጥ ያላየ ሠራተኛ የደመወዝ (ፔይሮል) ክፍሉን በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባል።

የትርፍ ሰዓትና የቲፕ ቅናሽ በምን ልክ?

«ኦቨርታይም ከታክስ ነፃ ሆኗል» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው አሳስቷል። ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚቀነሰው ሙሉው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሳይሆን ከመደበኛው በላይ የተጨመረው ግማሽ ብቻ ነው። በሰዓት 22 ዶላር የምትከፈል የነርስ ረዳት በትርፍ ሰዓት 33 ብታገኝ፣ የሚቀነስላት 11 ዶላሩ ነው። በዓመት 400 ትርፍ ሰዓት ብትሠራ ከ13,200 ዶላር ውስጥ 4,400ው ይቀነስላታል፤ በ12 በመቶ እርከን ላይ ከሆነች ይህ 528 ዶላር ግብር ያስቀርላታል። ይህንኑ 4,400 በደብሊው-4 የቅናሽ መስመር ላይ ብታስገባ በየሁለት ሳምንቱ ቼኳ ላይ 20 ዶላር ያህል ይጨመራል። የሶሻል ሴኩሪቲው (የጡረታው) 6.2 በመቶና የሜዲኬሩ (የአረጋውያን ሕክምናው) 1.45 በመቶ ግን ከሙሉው ክፍያ ላይ እንደ ድሮው መቆረጣቸውን ይቀጥላሉ።

ቅናሹ በ2025 ጀምሮ በ2028 ያበቃል፤ ለአንድ ሰው እስከ 12,500፣ በጋራ ለሚያሳውቁ እስከ 25,000 ዶላር ነው፤ ገቢው ከ150,000፣ የባለትዳሮች ከሆነ ከ300,000 ሲያልፍ እየቀነሰ ይሄዳል። ባለትዳር ለብቻው ካሳወቀ አያገኘውም። ደግሞም የሚቆጠረው የፌዴራሉ የሥራ ሕግ የሚያስገድደው ትርፍ ሰዓት ብቻ ነው። አሠሪው በራሱ ፈቃድ ወይም በማኅበር ውል መሠረት በበዓል ቀን አንድ ተኩል ቢከፍል፣ ሠራተኛው በሳምንቱ ከ40 ሰዓት ካላለፈ በአብዛኛው አይቆጠርም። ለ2025 አሠሪዎች ይህን መጠን ለይተው እንዲያሳዩ ስላልተገደዱ የደመወዝ ዝርዝሮችን መደመር ግድ ሊሆን ይችላል፤ ከ2026 ወዲህ ግን በደብሊው-2 ሣጥን 12 ላይ «ቲቲ» በሚል ምልክት ተለይቶ ይሰፍራል።

ለቲፕ ጣሪያው 25,000 ዶላር ነው። የፌዴራሉ ግምጃ ቤት ቅናሹ የሚመለከታቸውን ሙያዎች ያሰፈረበት ዝርዝር አስተናጋጆችን ብቻ ሳይሆን የፓርኪንግ ሠራተኞችን፣ የታክሲና የኡበር መሰል አገልግሎት ሾፌሮችንም ያካትታል፤ ይህ ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር ነው። ቲፕ የሚባለው ግን ደንበኛው በፈቃዱ የሰጠው ነው። ብዙ ሆነው ለሚመጡ ተስተናጋጆች ምግብ ቤቱ በሒሳቡ ላይ በራሱ የሚጨምረው 18 ወይም 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ለአስተናጋጇ ቢደርስም እንኳ በዚህ ቅናሽ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የስቴቱ ጉዳይ ነው። እነዚህ ቅናሾች በፌዴራሉ ማሳወቂያ ላይ የሚቀነሱት «የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢ» ከተባለው መስመር በታች ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የራሳቸውን ግብር ማስላት የሚጀምሩት ከዚያ መስመር ነው። ስለዚህ የፌዴራሉ የትርፍ ሰዓት ቅናሽ በራሱ ወደ ስቴቱ ሒሳብ አይወርድም። የፌዴራሉን ፎርም ያስተካከለ ሰው የስቴቱንም በዚያው ልክ ዝቅ ካደረገ ለስቴቱ ባለዕዳ ይሆናል። የገቢ ግብር በሌለባቸው በቴክሳስ ወይም በዋሽንግተን ስቴት የሚኖሩ የዳላስና የሲያትል ወገኖቻችን ይህ ሥጋት የለባቸውም።

በአንዱ ስቴት እየኖሩ በሌላው መሥራት

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያለው ማኅበረሰባችን በየቀኑ የስቴት ድንበር ይሻገራል። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አድሮ ቨርጂኒያ አርሊንግተን ሆቴል ውስጥ የሚሠራ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ እየኖረ ዲሲ መኪና የሚያቆም ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በመካከላቸው ባለው ስምምነት መሠረት ደመወዝተኛው የገቢ ግብር የሚከፍለው ለሚሠራበት ሳይሆን ለሚኖርበት ስቴት ነው። ዲሲም በውጭ የሚኖሩ ሠራተኞችን የገቢ ግብር እንዳታስከፍል በ1973 የወጣው የአስተዳደር ሕጓ ይከለክላታል። ስምምነቱ የሚያገለግለው ለደመወዝ ነው፤ ከንግድ ወይም ከቤት ኪራይ ለሚገኝ ገቢ አይሠራም።

ችግሩ የሚፈጠረው የአርሊንግተኑ አሠሪ ሠራተኛው ሜሪላንድ መኖሩን በፎርም ካልተነገረው እንደ ልማዱ ለቨርጂኒያ ስለሚቆርጥ ነው። ለአንድ 50,000 ዶላር ለሚያገኝ ላጤ ይህ በዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ ይሆናል። በኤፕሪል ሜሪላንድ ሙሉ ግብሯን፣ በላዩም ከ3 በመቶ የሚበልጠውን የሞንትጎመሪ ካውንቲ ግብር ትጠይቃለች። ለሌላ ስቴት በተከፈለ ግብር የሚሰጠው ክሬዲትም እዚህ አያገለግልም፤ ሠራተኛው በስምምነቱ መሠረት ለቨርጂኒያ ዕዳ ስላልነበረበት የከፈለው ግብር ሳይሆን በስሕተት የገባ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለሜሪላንድ ከኪሱ ከፍሎ የቨርጂኒያውን መጠበቅ ይኖርበታል። ይህ ለአንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ሊሆን የሚችል ገንዘብ ስለሆነ አቅልሎ ማየት አይገባም።

የቨርጂኒያው የሚመለሰው 763-ኤስ በተባለ ፎርም ሲሆን ለቨርጂኒያ የተቆረጠውን የሚያሳየው ደብሊው-2 አብሮ ይቀርባል። ለዲሲ የተቆረጠበት ነዋሪ ያልሆነ ሰው ዲ-40ቢ ይሞላል። ሜሪላንድ በስሕተት የተቆረጠበት የቨርጂኒያ ነዋሪ ደግሞ ነዋሪ ያልሆኑ ሰዎች የሚያቀርቡትን የሜሪላንድ ማሳወቂያ ፎርም 505ን ያስገባል። ይህን በሚያደርግበት ሳምንት ምንጩንም መድፈን አለበት፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚሠራ ቪኤ-4፣ ዲሲ ለሚሠራ ዲ-4ኤ፣ ሜሪላንድ ለሚሠራ ኤምደብሊው507 ላይ ከስቴቱ ግብር ነፃ መሆንን የሚገልጸውን መስመር ሞልቶ ለአሠሪው መስጠት፣ ከዚያም ለሚኖርበት ስቴት እንዲቆረጥ መጠየቅ ነው። አሠሪው በሠራተኛው ስቴት ካልተመዘገበ አልቆርጥም ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው በየሩብ ዓመቱ ራሱ ለስቴቱ ይከፍላል።

ስሕተቱ በዚያው ዓመት ውስጥ ከተደረሰበት አሠሪው ከሚቀጥሉት ቼኮች ላይ ሊያስተካክለው የሚችልበት ዕድል አለ፤ ደብሊው-2 ከወጣ በኋላ ግን መንገዱ በስቴቱ በኩል ብቻ ይሆናል። ለማወቅ ብዙ አይደክምም። በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ ከግብሩ አጠገብ ያለውን የስቴት ምሕጻር፣ በደብሊው-2 ላይ ደግሞ ሣጥን 15ን ማየት ነው። አዲስ ሥራ የጀመረ ወይም ድንበር ተሻግሮ ቤት የቀየረ ሰው ይህን በመጀመሪያው ቼኩ ላይ ቢያይ የዓመት ጣጣ ያድናል።

በአሠሪው እጅ ያለ ገንዘብ ሌላም ዓይነት አለ። በኤፍ-1 ቪዛ ለትምህርት መጥቶ ገና አምስት የቀን መቁጠሪያ ዓመት ያልሞላው ተማሪ በተፈቀደለት ሥራ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ሊቆረጥበት አይገባም። ተቆርጦበት ከሆነ በመጀመሪያ አሠሪውን መጠየቅ አለበት፤ አሠሪው አልመልስም ካለ ብቻ ፎርም 843ንና 8316ን ለአይአርኤስ ይልካል። ይህን በዓመታዊ ማሳወቂያው ላይ መጠየቅ አይቻልም።

የመኪና፣ የካምፓኒና የሌሎች የስቴት ክፍያዎች

ከግብር ውጭ ላሉ ክፍያዎች ሕጉ እንዲህ ቸር አይደለም። ለተሰጠ አገልግሎት የተከፈለ ክፍያ በአብዛኛው አይመለስም፤ የሚመለሰው በስሕተት የገባ፣ ሁለቴ የተከፈለ ወይም አገልግሎቱ ሳይሰጥ የቀረ ነው። በኦንላይን ሲከፍል ገጹ ተንጠልጥሎበት ደግሞ የከፈለ ሰው የሁለቱንም ክፍያ ማረጋገጫ ቁጥርና የባንክ መግለጫውን አያይዞ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማመልከት ይኖርበታል። ባንክ ደውሎ ክፍያውን ማስሰረዝ ቀላል መስሎ ቢታይም አደገኛ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ትክክለኛውንም ክፍያ እንዳልተከፈለ ሊቆጥረውና ምዝገባው ሊታገድ ይችላል።

በቨርጂኒያ ከምዝገባው ይልቅ ገንዘብ የሚፈስሰው በካውንቲው የመኪና ግብር ላይ ነው። መኪናውን የሸጠ ወይም ወደ ሜሪላንድ የሄደ ሰው ሰሌዳውን ለመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ (ዲኤምቪ) መመለሱ ብቻ አይበቃውም፤ ለካውንቲው ግብር ቢሮም ማሳወቅ አለበት። ፌርፋክስንና አርሊንግተንን የመሰሉት ካውንቲዎች ግብሩን በወራት አካፍለው ስለሚያስቡ መኪናው ከሄደበት ወር ወዲህ ያለው ይመለሳል። የግል መኪና በሆነ ጊዜ በመጀመሪያው 20,000 ዶላር ዋጋ ላይ ከግብሩ የተወሰነው ድርሻ ይቀነሳል፤ መኪናው ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚውል ከሆነ ግን ይህ ቅናሽ የለም። ኡበር መንዳት አቁሞ መኪናውን ለቤት አገልግሎት ያዋለ ሰው ይህን ካላሳወቀ ቅናሹ ሳይመለስለት ይኖራል።

ብዙ ሾፌሮችና የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) አቋቁመዋል። ዓመታዊው ክፍያ በቨርጂኒያ 50፣ በሜሪላንድ 300 ዶላር ነው። ሥራው ቆሞ ካምፓኒው በሕግ ካልተዘጋ ክፍያው ይቀጥላል፤ የተከፈለውም ስለማይመለስ እዚህ ያለው ጥበቃ በጊዜ መዝጋት ብቻ ነው። የመንግሥት ማኅተም የሚመስል ነገር አትመው ለዓመታዊ ሪፖርት ከስቴቱ እጥፍ የሚጠይቁ የግል ድርጅቶች ደብዳቤም በፖስታ ይመጣል። ከመክፈል በፊት የስቴቱን ድረ ገጽ ራስ ከፍቶ ማየት ይገባል፤ ለእነዚህ ድርጅቶች የተከፈለውን ስቴቱ አይመልስም።

ጊዜውና ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

ለፌዴራሉ ተመላሽ የሚጠየቅበት ጊዜ ማሳወቂያው ከቀረበ ሦስት ዓመት፣ ወይም ግብሩ ከተከፈለ ሁለት ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው ነው። በብዙ ስቴቶችም ገደቡ ሦስት ዓመት ነው። የ2025 ትርፍ ሰዓቱን ሳይቀንስ ያሳወቀ ሰው 1040-ኤክስ በተባለው የማስተካከያ ፎርም ቅናሹን እስከ 2029 የፀደይ ወራት ሊጠይቅ ይችላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን የቱንም ያህል ግልጽ ማስረጃ ቢቀርብ ገንዘቡ አይመለስም።

ተመላሹ ከመምጣቱ በፊት ለሌላ ዕዳ ሊያዝ ይችላል። ያልተከፈለ የልጅ ማሳደጊያ፣ የፌዴራል የትምህርት ብድር ወይም የስቴት ግብር ካለ የፌዴራሉ ተመላሽ ለዚያ ሊውል ይችላል፤ ቨርጂኒያም የካውንቲና የፍርድ ቤት ዕዳዎችን ከስቴቱ ተመላሽ ላይ ታነሣለች። የተያዘበት ሰው የሚከራከረው ከገቢ መሥሪያ ቤቱ ጋር ሳይሆን ዕዳ አለ ካለው መሥሪያ ቤት ጋር ነው። የስቴት ተመላሽ ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ጃንዋሪ ተመላሹን የሚገልጽ 1099-ጂ የተባለ ወረቀት ሊደርሰው ይችላል፤ ባለፈው ዓመት ማሳወቂያው ላይ ከላይ ያየነውን ግብር የማይከፈልበት መደበኛ መጠን የወሰደ ከሆነ ግን ያ ገንዘብ በፌዴራሉ ዘንድ ግብር አይጠየቅበትም።

ከ2025 ሴፕቴምበር መጨረሻ ወዲህ የፌዴራሉ መንግሥት የወረቀት ቼክ መላክ ማቆም ስለጀመረ የባንክ ቁጥርን በትክክል መስጠት የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። ታክስ ሠሪው የራሱን ሒሳብ እንዳያስገባ ከመፈረም በፊት ቁጥሩን በዓይን ማየት፣ የሠሪው ፊርማና የአይአርኤስ መለያ ቁጥሩ መስፈሩንም ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ቀድሞ ከነበሩበት አድራሻ ተመልሶ የሄደ የስቴት ቼክ፣ የመጨረሻ ደመወዝ ወይም የኪራይ ተቀማጭ ጊዜ ሲያልፈው ወደ ስቴቱ የባለቤት አልባ ንብረት ክፍል ይገባል። እዚያ ያለው ገንዘብ በአብዛኛው የጊዜ ገደብ የለውም፤ ፍለጋውም በነፃ ነው። የእኛ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ ስለሌላቸውና የአባት ስም አንዳንዴ በመካከል፣ አንዳንዴ በመጨረሻ ስለሚገባ፣ ፍለጋውን በኖሩበት ስቴት ሁሉ፣ ስሙ በአሮጌው የሥራ ፈቃድ፣ በደብሊው-2ና በመንጃ ፈቃድ ላይ በተጻፈበት በየዓይነቱ ማድረግ ያስፈልጋል።